የሙሉወርቅ ክርስትና ስም

ሉላ ድንበር ማዶ፣ ገዳሪፍ ሆስፒታል ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ወንበር ላይ አደረች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ እናቷ ሙሉወርቅ አረፈች። ልጅቱ አስከሬኑን በመኪና አሳፍራ ዶካ ከተማ፣ ተከራይተው ወደሚኖሩበት ግቢ አመጣችው። ጎረቤታቸው፣ አሮጊቷ ሻይ ሻጭ ሰውዳ፣ ማንንም ሳታስጠጋ በር ዘግታ ሟቿን አጠበቻት፤ ገነዘቻትም።

ከስደተኞች ጣቢያ የመጡት ቄስ እምባየ በግቢው ጥላ ሥር ተቀምጠው መጽሐፋቸውን ገለጡ።

“ክርስትና ስሟ ማን ነው፣ ጓለይ?”

“ሙሉወርቅ ነው የማውቀው፣ አባ።”

“እሱ የዓለም ስሟ ነው። ፍትሐት በክርስትና ስም ነው የሚደረግ። ቶሎ ጠይቂ፤ ሙቀቱ አይጠብቀንም።”

ማንን ትጠይቅ? አያቷ ጽገወይኒ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል፤ ሌላ ዘመድ የላቸውም። ወደ ሰውዳ ገባች።

“እትየ ሰውዳ፣ የእማን ክርስትና ስም ታውቂያለሽ?”

“የላትም።”

“እንዴት አይኖራትም?”

“በሩን መልሺና ቁጭ በይ። ይኸ ቆመው የሚሰሙት አይደለም።” ሰውዳ ሁለት እግሯን ዘረጋች። “እናትሽ ሉብና ነበር ስሟ። የሁመራ ልጅ፣ እንደኔው እስላም። በደርግ ጊዜ ስንሸሽ አውሮፕላን መንገድ ላይ ደበደበን፤ እናት አባቷ እዚያው ቀሩ። ጽገወይኒ ደግሞ ጣቢያ ገብታ በተመዘገበች በሳምንቱ ልጇ ሙሉወርቅ ሞተችባት። የእህል ካርዱ እንዳይቀነስባት ማንም ሳያይ ቀበረቻት። በማግስቱ ሉብናን እጇን ይዛ ተሰለፈች። ‘ሙሉወርቅ ሲሉ አቤት በይ’ አለቻት። አለች። ይኸው አርባ ዓመት አቤት አለች።”

“ለእህል ብላ?”

“መጀመሪያማ ለእህል ነው። ኋላ ግን እናቷ ሆነች። ተርበሽ ታውቂያለሽ አንቺ? እንግዲያ ዝም በይ!”

“ለምን አልነገረችኝም?”

“ስንቴ ልትነግርሽ ተነሥታ ‘ዘይት አልቋል’ ብላ ተመልሳለች መሰለሽ።”

ሉላ መሳቅ ቃጣት።

“የት ልቀበር አለች?”

“ጠይቄያታለሁ። ‘ለሉላ የሚቀላትን’ አለች። እኔ በእኛ ወግ አጥቤያታለሁ፤ የቀረውን አንቺ ታውቂያለሽ። ግን ልንገርሽ፤ ወደኛ መቃብር ከሆነ ወንዶቹ ናቸው የሚወስዷት። እዚህ አገር ሴት አትከተልም።”

አንድ የክርስትና ስም መጥራት ነበር የቀራት። ወለተ ማርያም ብትል ቄሱ አይመረምሯትም፤ መኪናው ቆሟል፤ እናቷን እጉድጓዱ አፍ ድረስ ትሸኛለች፣ አፈሩንም በእጇ ትበትናለች። የተገነዘውን አካል ጥቂት አየችና ወጣች።

“አባ፣ ክርስትና ስም የላትም። ስሟ ሉብና ነው። ሙስሊም ነበረች።”

ቄሱ መጽሐፋቸውን ቀስ ብለው ከደኑ። “ስንት ፋሲካ አብረን በላን…” አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ቀና ብለው “በሉ ሰዎቿን ጥሩላት፤ ፀሐዩ ሳይበረታ” አሉ። እሳቸው ግን አልሄዱም።

ከመስጊዱ የመጡት ወንዶች ሰግደውባት አስከሬኑ ያለበትን አልጋ በትከሻቸው አነሡ። ሉላ እስከ አጥሩ በር ተከትላ ቆመች። የሸኚዎቹ አቧራ ሲርቅ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሰውዳም አጠገቧ።

“አሁን ደርሰዋል?”

“ደርሰዋል።”

“ምን እያደረጓት ነው?”

“በቀኝ ጎኗ ያስተኟታል። ፊቷን ወደ ቂብላ፣ ወደምንሰግድበት፣ ያዞሩታል።”

“ቀስ ብለው?”

“ቀስ ብለው።”

“አሁንስ?”

“አሁን አፈር እያለበሷት ነው፣ ልጄ።”