ለሠርቶ ማሳያ የተመረጠችው ልጄ

አዲሱን ሕግ ያነበብኩት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ ነው። ጣቴን ከፊደል ወደ ፊደል እየሳብኩ፣ ዘበኛው እስኪሰለች ድረስ እዚያው ቆምኩ። ማንኛውም ትምህርት ቤት የተማሪዎችን የአእምሮ ጤና የሚከታተል የሠለጠነ መምህር ይኑረው፣ ዕቅድም ያውጣ ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ለኔ ልጅ የወጣ መሰለኝ።

ልጄ አባቷ ከሞተ ወዲህ ድምጿ ጠፍቷል። ትበላለች፣ ትታጠባለች፣ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ግን ቤት ውስጥ የምትኖረው እንደ ተከራይ ነው። አንድ ጠዋት ፀጉሯን ስሠራት፣ «እማ፣ ስተኛ ሁልጊዜ ምነው ባልነቃሁ እላለሁ» አለችኝ። ለጎረቤቴ ነገሩን ብነግራት «ጉርምስና ነው፣ ይለቃታል» አለች። እኔን ግን አልለቀቀኝም። በምሠራበት ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ስተኩስ ልቤ እሷ ጋ እየሄደ ስንቱን አንሶላ አሳረርኩ።

ስለዚህ ሕጉን እንዳነበብኩ የሠለጠነው መምህር ማን እንደሆነ ጠየቅሁ። የስፖርት መምህሩ ነው አሉኝ። ፊሽካ ከአንገቱ ስለማይወርድ ተማሪዎቹ ራሱን «ፊሽካ» ይሉታል። ሥልጠናው ቅዳሜና እሑድ ስለዋለ ሌሎቹ መምህራን እምቢ ሲሉ፣ እሱ ሄዶ ምስክር ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ኳስ የሚያስቀምጥበት ክፍል በር ላይም «የምክር አገልግሎት» ተብሎ ተጻፈ።

ልጄ ያለችኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ጆሮውን ሰጥቶ ሰማኝ።

«እንዲህ ያለ ነገር ሥልጠናው ላይ ተምረናል» አለ። «አስተውል፣ አዳምጥ፣ አስተላልፍ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«ታዲያ መምህር፣ መቼ ያነጋግሯታል?»

«ቆይ እንጂ የኔ እናት! ተቆጣጣሪዎች ሊመጡብን ነው። እነሱ ይሂዱልኝ እንጂ ጊዜዬ ሁሉ የሷ ነው።»

በዚያ ትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ሲመጣ የማይለማመዱት ነገር የለም። መልሱን የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራ እጁን እንዲያወጣ ይነገረዋል። ክፍሉ በሙሉ እጁን ያወጣል፤ መምህሩ ቀኝ ያወጣውን ብቻ ይጠራል። የአእምሮ ጤናው ዕቅድም በዚሁ መንገድ ተሰናዳ። አንዲት ተማሪ የተጨነቀች መስላ ትቀመጣለች፤ ፊሽካ ያስተውላታል፣ ያዳምጣታል፣ ያስተላልፋታል። ተቆጣጣሪዎቹ አይተው ይፈርማሉ።

ብዙ ልጆች ተሞከሩ። ሁሉም ሳቃቸው እያመለጣቸው አስቸገሩ። ያኔ ፊሽካ ልጄን አስታወሰና እኔን አስጠራኝ።

«ለሷም ጥሩ ነው» አለኝ። «የውስጣቸውን መተንፈስ አለባቸው ተብለናል። ትተንፍሳ!»

«የሷ እኮ የእውነት ነው፣ መምህር።»

«ለዚህ አይደል የመረጥኳት? ፊቷን ማስመሰል አያስፈልጋትም።»

ልጄን ጠየቅኋት። «እሱ ያዳምጠኛል?» አለች። ብዙ ጊዜ ያላየሁት ብርሃን ዓይኗ ውስጥ ብልጭ አለ።

«ያዳምጥሻል፣ ሆዴ» አልኳት።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ዋና ተቆጣጣሪዋ ከርዕሰ መምህሩ ጎን ከፊት ተቀመጠች፤ እኛ ወላጆች ከኋላ። ልጄ መድረኩ ላይ፣ አንድ ወንበር ላይ ነበረች። ማለት የነበረባት «ፈተና አስጨንቆኛል» ብቻ ነው። ፊሽካ ጎንበስ ብሎ «ምን ሆነሻል የኔ ልጅ?» ሲላት ግን እሱን ብቻ እያየች ተናገረች።

«አባቴ ከሞተ ጀምሮ ደክሞኛል። ስተኛ ምነው ባልነቃሁ እላለሁ። እማ እንዳታዝን ብዬ ነው የምነሳው። ምን ላድርግ?»

ፊሽካ የያዘውን ወረቀት አየ። ይህ እዚያ የለም። ዞሮ ርዕሰ መምህሩን አየ፤ እሳቸው በእጃቸው ቀጥል አሉት።

«ፈተና ሁሉንም ሰው ያስጨንቃል» አለ ከወረቀቱ። «ስላካፈልሽኝ አመሰግናለሁ። ለሚመለከተው አካል አስተላልፍሻለሁ።»

ፊሽካውን ነፋ። ማሳያው የሚያልቀው እንደዚያ ነበር።

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያወርደው ደረሰ። አጠገቤ ያለች እናት እንባዋን እየጠረገች «ወይ ትወና! ወይ ስጦታ!» አለች። እኔ ብድግ አልኩ።

«ትወና አይደለም! የእውነቷን ነው! ስለ ፈጣሪ፣ አንድ ሰው ያነጋግራት!»

ተቆጣጣሪዋ ዞራ አየችኝ፤ ፊቷ በራ። «ወላጆችንም አሳትፋችኋል እንዴ? ይሄ ነው የሚፈለገው!» አለቻቸው ለርዕሰ መምህሩ። ለኔም ተጨበጨበልኝ። ልጄ ከወንበሯ ሳትነሳ ፊሽካን አሁንም መልስ እንደሚሰጥ ሰው ታየዋለች። እሱ ለሕዝቡ እጅ እየነሳ ነበር።

ሰኞ ዕለት ኳስ ክፍሉ ሄድኩ።

«መምህር፣ ተቆጣጣሪዎቹ ሄደዋል። ልጄን ያነጋግሩልኝ።»

«አነጋገርኳት እኮ! አንቺስ እዚያው አልነበርሽ? አስተላለፍኳትም።»

«ለማን?»

የያዘውን ኳስ መንፋት ቀጠለ። «እሱ ዕቅዱ ላይ ገና አልተሞላም» አለ።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ክፍል ውስጥ እንባዋ ሲመጣ ልጆቹ ያጨበጭቡላታል። የሒሳብ መምህርቷ «ድራማው አልቋል፣ ዓይንሽን ጥረጊ» ብላታለች። እሷም ማልቀስ ተወች። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ አግኝተውኝ እጄን ጨበጡኝ።

«ልጅሽ እንዴት ተለውጣለች! አንድም እንባ የለ። ሥልጠናው ሠርቷል ማለት ነው። ለሌሎች ትምህርት ቤቶችም እየዞረች ታሳይልናለች።»

«አትዞርም» አልኳቸው።

«ኧረ እሷ እሺ ብላለች!» አሉኝ።

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። ልጄ ዩኒፎርሟን እያጣጠፈች ነበር።

«ለምን እሺ አልሽ፣ የኔ ልጅ? እነዚህ ሰዎች እኮ ይሳለቁብሻል።»

ቀና ብላም አላየችኝም።

«እዚያ መድረክ ላይ ብቻ ነው፣ እማ፣ ስናገር ዝም ብለው የሚሰሙኝ» አለች።