ኦሊ ዛሬ ይጫወታል

ክለቡ ለከተማው ሕዝብ በታላቅ ክብር አስታወቀ፦ ሕዝቡ ኦሊ የሚለው ተከላካዩ ዴል ኦሌክሲን ዛሬ ማታ ይጫወታል። እንጀራው የበረዶ ሆኪ የሆነ ሰው የበረዶ ሆኪ ሊጫወት ነው ማለት ነው። የካናዳዋ ሳስካቹዋን ክፍለ ሀገር ሬዲዮ ዜናውን ከአየር ጠባዩ አስቀድሞ ተናገረው፤ እዚያ አገር በጥር ወር ከብርዱ የሚቀድም ወሬ ቀላል አይደለም።

ኦሊ ያለፉትን ሳምንታት ያልተጫወተው "በታችኛው አካል ጉዳት" ነበር። በዚህ ጨዋታ የሰው ልጅ ያለው ሁለት አካል ብቻ ነው፤ የላይኛውና የታችኛው። ከዚያ በላይ ከዘረዘሩለት ባላጋራ የታመመውን ቦታ እየመረጠ ይመታል። ስለዚህ የኦሊ ግራ ዳሌ መገጣጠሚያ መበላቱን ሥጋ ሻጩም፣ ቄሱም፣ ባላጋራውም እያወቀ፣ ሁሉም በጨዋ ደንብ "ታችኛው አካል" ይላል።

ተከላካይነት የተከበረ ሙያ ነው። ሌላው ግብ ያገባል፣ ይታቀፋል። ተከላካይ ደግሞ ፓክ የምትባለውን፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረች የጎማ ክብ በገላው ያስቆማል፤ ማንም ስሙን ካላነሳ "ጥሩ ተጫወተ" ይባልለታል። ኦሊ ጥርሱን ለሦስት ክለቦች አከፋፍሎ አራተኛው ዘንድ በድዱ የደረሰ ሰው ነው።

"ዳሌህስ?" አለው ሥራ አስኪያጁ ሃልዴን፣ በመልበሻ ክፍሉ በር ላይ።

"የቱ ዳሌ?"

"እንዲህ ነው እንጂ!" ሃልዴን የደረት ኪሱ ውስጥ ያለውን ብዕር መታ መታ አደረገ። "ከጨዋታው በኋላ የሁለት ዓመት ውል እንፈራረማለን። ብቻ ሕዝቡ ቀጥ ብለህ ስትቆም ይይህ።"

ኦሊ ሁለቱን ዓመት አጥብቆ ይፈልጋቸዋል። ከሆኪ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የአባቱን ስንዴ ማጨድ ነው፤ እርሻውን ደግሞ ወንድሙ ከወሰደው ቆየ።

"አባባ ኦሊ፣" አለ አብሮት የሚከላከለው ኮዲ ጫማውን እያሰረ፣ "አያቴ ወጣት ሳለች ታደንቅህ ነበር አሉ።"

"ሰላም በላት። ቆንጆ ነበረች።"

ሚስቱ ሮንዳም ጠዋት በሬዲዮ ስለ ጤናው ተጠይቃ "እንደ ፈረስ ነው!" ብላለች። አልዋሸችም፤ ፈረስም ተኝቶ አያድርም።

የሚገርመው፣ በረዶ ላይ ዳሌው እሺ ይለዋል፤ መንሸራተት እንደ መራመድ አይደለም። በልምምድ ላይ ወደፊት ሞከረ፣ ወደኋላ ሞከረ፣ ኮዲን ገፍቶ አጥር ላይ ለጠፈው፤ ሁሉም ሠራ። ያልሞከረው ጎንበስ ብሎ ዕቃ ማንሳት ብቻ ነው። ማን ያስበዋል? በዚህ ጨዋታ ከበረዶ ላይ በእጁ የሚያነሳ የለም፣ ሁሉ ነገር በዱላ ነው። በዓል ሲሆን ካልሆነ በቀር።

በዓል ደግሞ ነበር። ስምንት መቶኛ ጨዋታው ስለሆነ ቀይ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ሮንዳ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጥታ ለጨዋታው መክፈቻ በእሱና በእንግዳው ቡድን አምበል መካከል ፓኳን ጣለች። ደንቡ የታወቀ ነው፤ እንግዳው በሽሚያው ለይስሙላ ይሸነፋል፣ ባለ በዓሉ ፓኳን በእጁ አንስቶ ለጣይዋ ይሰጣል።

ኦሊ ጎንበስ አለ። እዚያው ቀረ።

ሕዝቡ እጅ የነሳ መስሎት አጨበጨበ። የሜዳው ኦርጋን መቺ ዜማውን አስረዘመ።

"ሰውዬ፣ ደህና ነህ?" አለ እንግዳው አምበል በሹክሹክታ።

"ምንጣፉን እያየሁት ነው።"

ሮንዳ ዞር ሳትል ቦርሳዋን ለእንግዳው አስያዘች። እግሯን ከኦሊ እግር ኋላ ተክላ፣ ትከሻዋን በብብቱ ሥር አስገባች።

"ተንፍስ" አለችው።

"አንድ፣ ሁለት" አለ እሱ።

ቀጥ አለ። አልተያዩም፤ በየማለዳው አብረው አልጋ እንደሚያነጥፉ ሰዎች ነበር ያደረጉት።

ጭብጨባው ከላይኛው ወንበር ጀምሮ እየሳሳ ወረደ። ከሜዳው በላይ ባለው የአለቆች የመስታወት ክፍል ውስጥ ሃልዴን ይዞት የነበረውን ብዕር ክዳኑን ገጥሞ ኪሱ ከተተው። ፓኳ በረዶው ላይ ቀርታ ነበር፤ እንግዳው አምበል ቦርሳው ክንዱ ላይ እንደተንጠለጠለ ጎንበስ ብሎ አነሳትና ለሮንዳ ሰጣት።