እስከ ክርስትናው

እናቴን ከአራስ ቤቴ ያስወጣችብኝ እትዬ ዘርፈሽ ናት። ይህን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም፤ አልረሳሁትምም።

ሀናን አምቦ ላይ ስወልድ እናቴ የገብስ ዱቄቷን ተሸክማ ከእጃጂ መጣች። አዮ ነበር የምላት። አማርኛ ብዙም አትችልም። ዘርፈሽ የባሌ የሀብተሥላሴ ታላቅ እህት ናት፤ ያኔ በቤቱ የምታዝዘው እሷ ነበረች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ አዮ ልጅቷን እያጠበች ሳለ፣ ዘርፈሽ በሩ ላይ ቆማ ለእኔ የምትናገር መስላ፣ "ነገ ጠዋት የእጃጂ መኪና አለ" አለች። "እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ መዳብ ነው።"

አዮ ይህን ያህል አማርኛ ታውቅ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ዘርፈሽ ቆማ ስለነበር፣ "ይበቃኛል፣ በርትቻለሁ" አልኳት። ጎህ ሲቀድ ሻሿን አስራ፣ "ነጋቲ" ብላ ተሰናብታኝ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ወገቤን በመቀነት ጠፍሬ ውሃ መቅዳት ጀመርኩ። ለሀና ክርስትና ብትጠራም አዮ አልመጣችም። ከሞተች ቆየች።

ያቺ ሀና አድጋ፣ ጋሮማ የሚባል የጉደር ልጅ አግብታ ሆላንድ ገባች። አምና አረገዘች። አንድ እሁድ ጋሮማ በኢሞ ደወለ። ዘርፈሽም እንደ ልማዷ እኛ ቤት ነበረች።

"አዴ ድንቅቱ፣ ሀናን ሊያርሱ የሚመጡበትን የቪዛ ጥሪ ወረቀት ልልክልዎት ነው፤ ስንት ቀን ይቆያሉ ብዬ ልጻፍ?" አለኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ዘርፈሽ ሦስት ሳምንት ብላ ቆረጠች። የአማች ቤት ነው፣ ጠባብ ነው፣ ሰው ላይ አይከበድም አለች። ሀብተሥላሴም የሽንኩርት መደቡን ማን ይይዘዋል፣ ቤቱንስ ብሎ ጨመረበት። የእኔ ሐሳብ ሌላ ነበር። ልጄን የማርሰው እስከ ክርስትናው ነው። ለዚያ ደግሞ ወንድ ነው ሴት ብዬ ሀናን ጠየቅኳት። ሐኪሙን አልጠየቅንም፣ ሲወለድ እናያለን አለችኝ። እንግዲህ ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ። ሳይታወቅ ምኑን ይቆርጡታል?

ሀና ግን፣ "እማዬ፣ ሦስት ሳምንትም ይበቃኛል። ጋሮማም ፈቃድ ይወስዳል" አለች።

ይህን "ይበቃኛል" አውቀዋለሁ። እኔም ለእናቴ ያልኳት እሱኑ ነው። ምን ያህል እንደማይበቃም አውቃለሁ።

ጋሮማን የሚፈቀደው ትልቁ ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቅኩት። ዘጠና ቀን ነው አለኝ። ግን ብዙ ቀን ከተጠየቀ ሴትዮዋ ልትቀር ነው ብለው ጭራሹን ይከለክላሉ፣ ሦስት ሳምንት ከሆነ ቶሎ ይሰጣሉ ሲል አስረዳኝ። ዘርፈሽ ሳቀች።

"በስተርጅና ልትኮበልይ ነው እንዴ? ብዙ የለመነ ትንሹንም ያጣል።"

"ዘጠና ብለህ ጻፍ" አልኩት ጋሮማን። "ሰማንያው ለክርስትናው፣ አሥሩ ምጧ ቢዘገይ።"

"ቢከለክሉስ?"

"እነሱ ይከልክሉኝ። እኔ ግን ራሴን አልከለክልም።"

ሀብተሥላሴ ማን ሊያበላኝ ነው ብሎ አጉረመረመ። እህትህ አለችልህ፣ ይህን ቤት ማዘዝ ድሮም ታውቅበታለች አልኩት። ዘርፈሽ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

አዲስ አበባ ቪዛው ቢሮ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አገላብጣ ለጥየቃ ሁለት ሳምንት አይበቃም ወይ አለችኝ። ሀገራችን ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው፣ አንቺስ ስትወልጂ እናትሽን በሁለት ሳምንት ትሸኛለሽ ወይ አልኳት። ወደ ሀገሬ ምን እንደሚያስመልሰኝ ጠየቀችኝ። ባል አለኝ፣ መደብ አለኝ፣ ሰው ሀገር ማን ሽንኩርት ይገዛኛል አልኳት። አጎንብሳ ስትጽፍ ከንፈሯ ፈገግ ያለ መሰለኝ፤ ግን በሰው ከንፈር ቪዛ አይገኝም። ወደ አምቦ ተመለስኩ።

ፓስፖርቱ ሲመጣ እኔ ፊደሉን ስለማልችል ለሀብተሥላሴ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበና ደግሞ አነበበው።

"ዘጠና ይላል" አለ።

ሆላንድ በደረስኩ በሳምንቱ ሀና ወንድ ልጅ ወለደች። ገንፎዋን አገነፋሁላት፣ ልጁን አጠብኩ፣ ሌሊት እኔ ይዤው እሷ ተኛች። ጋሮማ መጀመሪያ እየተሳቀቀ ነበር፤ ኋላ ገንፎውን እሱም ለመደው። በአርባው ቀን እዚያው ካለው ቤተ ክርስቲያናችን ወስደን ክርስትና አስነሳነው።

በማግሥቱ ዘርፈሽ ደወለች። እንኳን ደስ አላችሁ አለችና ቀጠለች። ወንድ ከሆነማ ጨርሰሻል፣ ትኬቱን ማሳጠር ይቻላል አሉ፣ ወንድሜም ከስቷል አለች። ሀና አጠገቤ ልጁን እያጠባች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

"አርባው የልጁ ነበር፣ እትዬ" አልኳት። "የቀረው የአዮ ነው።"

"አዮ ደግሞ ማናት?"

"እናቴ ናት። የእጃጂ መኪና ያሳየሻት።"

የምመለስበትን ቀን አልነገርኳትም። ስልኩን ዘጋሁና ምድጃው ላይ የጣድኩትን ገንፎ ላማስል ተነሳሁ።