ቪትዟን የሚያውቅ ሪሞት

ሪሞቱ ከጋውኗ ኪስ ሳይወጣ ከልብስ ጋር ታጠበና ሞተ። ደብሪቱ አሮጌዋን ቪትዝ በቁልፍ ስትከፍታት አላርሙ የአያትን ኮንዶሚኒየም በጩኸት አናወጠው፤ ሞተሩም አልነሳ አለ። አራት የጎረቤት ልጆች ትምህርት ቤት የሚመላለሱት በዚች መኪና ነው፤ የደብሪቱም እንጀራ ይሄው ነው። ጠዋት እናቶቹ ልጆቻቸውን በታክሲ ላኩ። ከእናቶቹ አንዷ፣ ሣባ፣ እቅጩን ነገረቻት፦ "ዘጠኝ ሰዓት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ካልተገኘሽ ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው እንይዛለን።"

ቦሌ ወርዳ ሱቅ ለሱቅ ተንከራተተች። የመኪናዋ አርማ ያለበት ሪሞት ገዝታ ስትመለስ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ተጫነችው። ደገመችው። በአውራ ጣቷ፣ በጥፍሯ፣ ከፊት፣ ከኋላ። መኪናዋ ወይ ፍንክች።

የሰፈሩ የመኪና ኤሌክትሪሻን ሐምዛ መጥቶ ሪሞቱን ገና ሲያየው ሳቀ።

"አርማውን አይተው ነው የገዙት፣ ማዘር? አርማ በር አይከፍትም። ይሄ አላርም ከፋብሪካ የመጣ ሳይሆን እዚሁ የተገጠመ ይመስለኛል። ከመሪው ሥር ከፍቼ ሳጥኑን ልየው፤ የሚስማማው ሪሞት የሚታወቀው በሳጥኑ ቁጥር ነው።"

"ማዘርህ ቤቷ ናት። መኪናዬን ደግሞ ሰው አልነካካትም። ይሕደጎ ሲሸጥልኝ ከነፋብሪካ ላስቲኳ ነው ያስረከበኝ፤ ይኸው ስድስት ዓመት አላነሳሁትም።"

እውነቷን ነው። ወንበሩም፣ በሩም፣ ከመሪው ሥር ያለው ክዳንም እንደተሸፈነ ነው፤ ላስቲኩ ቢጫ ሆነ እንጂ። እሱ ከተነሳ ደግሞ ማን ኦሪጂናል ይላታል?

"እንግዲያው ላስቲኩን ይንዱት" አለና ሐምዛ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። ደብሪቱ መኪናዋን ሁለቴ ዞረቻት።

"ና ወዲህ። ግን የምቀደው እኔ ነኝ።"

ቀደደችው። ክዳኑ ሲከፈት በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለ ሳጥን ተንጠልጥሎ ታየ። ሻጩ መጀመሪያ አላርሙን አስገጥሞ፣ ላስቲኩን ከዚያ በኋላ አልብሷት ኖሯል።

"ቆይ አንተ ይሕደጎ" አለች።

ሐምዛ ቁጥሩን አንብቦ ወደ ሱቁ ሄደ። እሷ በሩን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ስልኳን አየች፣ እንደገና ከፈተች። ሲመለስ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ አሮጌ ሪሞት ይዟል። በርብሮ በርብሮ አርማ የሌለው፣ ጎኑ የተላጠ አንዱን አወጣና ከሳጥኑ ጋር አስተዋወቀው። ቪትዟ ጢጥ አለች። ሞተሩ ተነሳ።

"አጥፍተው እንደገና ይሞክሩት እንጂ" አላት።

"አጥፍቼ ካልተነሳስ?" ብላ ክዳኑ እንደተንጠለጠለ ፈተለከች።

ሲኤምሲ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የደረሰችው ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ ነው። ሣባ በሩ ላይ ከአንድ የሚኒባስ ሾፌር ጋር ቆማለች፤ አራቱም ልጆች ቦርሳቸውን አዝለዋል።

"መጣሽ?"

"መቼ ቀርቼ አውቃለሁ?"

ሣባ ሰዓቷን አየች፤ የተንጠለጠለውንም ክዳን አየች። ከዚያ ልጆቹን "ግቡ" አለቻቸው። ሾፌሩ እያጉረመረመ ሄደ።

ደብሪቱ የመጨረሻው ልጅ ገብቶ በሩን እስኪዘጋ ድረስ ሞተሩን ሳታጠፋ ጠበቀች።