የተዋጠችው ቃል

«አሁንም የመጨረሻዋን ዋጥሻት» አሉ መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ፣ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ።

ፈይዛ ደብተሯን አጠፈች። መሪጌታ ሆላንድኛን ከየት አውቀውት! ጎረቤቷ ናቸው፤ አርባ ዓመት ቅኔ ሲያስቆጥሩ የኖሩ፣ የጎደለች ቃል ከጆሯቸው የማታመልጥ። በፊደላችን የጻፈችውን ሆላንድኛ አንድ ጊዜ አነበቡት፣ በቃላቸው ያዙት፣ አለቀ። ነገ በደሴው አውቶቡስ ትሳፈራለች፤ ሐሙስ አዲስ አበባ የሆላንድ ኤምባሲ ውስጥ ቋንቋውን በስልክ ትፈተናለች። ባለፈው ወድቃለች። ካላለፈች ቪዛ የለም፤ ቪዛ ከሌለ ሆላንድ ያለው ባሏ ሱፍያን ጋ መሄድ የለም።

«የኔታ፣ ሆላንዶቹ ያለፈ ነገር ሲናገሩ ግሱን ለሁለት ይገምሱታል» ብላቸው ነበር መጀመሪያ ቀን። «ግማሹን በር ላይ ያስቀምጡና ግማሹን ጓዳ ይሸሽጉታል።»

«ምናለበት? እኛስ ማሰሪያውን መጨረሻ አይደል የምናኖረው?» ብለው ሳቁ።

ሥርዓቱንስ ለምዳዋለች። ችግሩ ሌላ ነው። እናቷ «በትልቅ ሰው ፊት ድምፅሽን ዝቅ፣ መጨረሻውን ዋጥ አድርጊ» እያለች ነው ያሳደገቻት። ጨዋ ሴት የንግግሯን ጭራ ለሰሚው ትተዋለች፤ እዚህ መካነ ሰላም ያስመሰግናል። በሆላንድኛ ግን ዋናው ጉዳይ ያለው ጓዳ፣ መጨረሻው ላይ ነው፤ ስልክ ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም።

«ተነሺ። ከባሕር ዛፉ ሥር ሆነሽ በይው።»

አለችው።

«አልሰማሁም። ከአጥሩ ማዶ።»

መንገደኛው ሁሉ ዘወር እያለ አያት። አፈረች፤ ተናደደችም። ድምፅዋን ለቅቃ ጮኸችው፦ «ኢክ ሄፕ ዜስ ያር ኦፕ የ ኸዋኽት!»

መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ። «ምን ማለት ነው?» እስከ ዛሬ ጠይቀዋት አያውቁም።

«ስድስት ዓመት ጠበቅሁህ።»

«በይ ሂጂ ልጄ፤ አላህ መንገድሽን ያቅናው» አሏት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሱፍያን ደወለ።

«ደህና ነሽ? ተዘጋጀሽ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ከዚያ ባለፈው ወር ያለውን ደገመው፦ «እንግዲህ ዘንድሮም ካልሆነማ...»

ያን ጊዜ እሷም እንደ ጨዋ ሴት ቀሪውን ሳትጠይቅ ተሰናብታው ነበር። ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሳት ያ ቀሪው ነው። ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች። ከአጥሩ ማዶ መሪጌታ ሲያስሉ ይሰማል።

«ጨርሰው ሱፍያን» አለችው፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።