ከሐምዱ ጣት ሥር ያለው ፊደል

ወላሂ፣ ጆንያ ላይ የተመታ ፊደል ሥራ ያስቀጥራል ቢሉኝ ስቄ እሞት ነበር። ግን አስቀጠረኝ፤ ልንገራችሁ።

ጋሼ አስናቀው እህል በረንዳ ትልቅ መጋዘን አላቸው፤ ሽንብራና ምስር ወደ ኤደን ወደብ ይልካሉ። ለእንግሊዝኛ ደብዳቤያቸው ታይፒስት ፈለጉ። አንዷ አመልካች እኔ፣ ሀጅራ፣ ከታይፕ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ወር ያልሞላኝ። ሌላው ዘውገ፣ የገዛ እህታቸው ልጅ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ በዚያ ሁሉ አቧራ መሀል ከረባት አስሮ የሚንጎራደደው። እማዬ ደግሞ መርካቶ ሁሉ እየሰማ ቁርጡን ነግራኛለች፦ «ይሄ ካልሆነ ደሴ አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ። ሱቅ ትጠብቂላታለሽ።» ደሴን ጠልቼ አይደለም። ግን እኔ የመርካቶ ጫጫታ ከሌለ እንቅልፍ እንኳ አይወስደኝም!

ጋሼ አስናቀው እንግሊዝኛ አያውቁም። ሒሳብ ሹማቸው ጋሼ ይመር «ልጅቷ ፈጣን ናት» ይሏቸዋል፤ እህታቸው «ልጄን ትተህ?» ብላ ታለቅሳለች። ጋሼ አስናቀው ጎጃሜ አይደሉ? ሙግት ይወዳሉ። «በቃ፣ ችሎት ይዋል! በጆንያው ይለይላችሁ!» አሉ።

የጆንያው ጨዋታ የእህል በረንዳ ጸሐፊዎች ሥራ ሲቀዘቅዝ የሚጫወቱት ነው። ውጭ ላኪ ሁሉ ጆንያው ላይ የራሱን የፈረንጅ ፊደል በጥቁር ቀለም ይመታል። ተሸካሚው ጆንያውን ይዞ ሲያልፍ ፊደሎቹን ታያለህ፤ እነሱን በሙሉ የያዘ የእንግሊዝኛ ቃል ትጠራለህ። ረዥሙን የጠራ አሸናፊ ነው። ሦስት ጆንያ ተባለ፤ ጋሼ ይመር ዲክሽነሪያቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ዳኛ ሆኑ።

መጀመሪያ ቲ እና ኤን የተመታበት ጆንያ አለፈ። እኔ ቸኩዬ «ማውንቴን!» ስል ዘውገ ከረባቱን ነካ አድርጎ «ኮንስቲትዩሽን» አለ። ኩም አልኩ። ሁለተኛው ጆንያ ፒ፣ ጂ፣ አር። እሱ «ፕሮግራም» ሲል እኔ «ፎቶግራፈር!» አልኩ። ተክለ ሃይማኖት ያለው ፎቶ ቤት በሩ ላይ ጽፎት የለ? ስመላለስ ሳነበው ነው ያደግሁት።

አንድ ለአንድ። ሰው ከየመጋዘኑ ወጥቶ ከበበን። አንዱ «አይዞሽ የወሎ ልጅ!» ይላል፣ ሌላው «ከረባቱን ላላ አድርገው፣ ቃሉ ታንቆ እንዳይቀር!» ይላል።

ሦስተኛውን ተሸካሚው ሐምዱ ይዞት እየሮጠ መጣ። «ዞር በል! ዞር በል!» እያለ ከፊታችን ሽው አለ። ኬ አየሁ። ኤል አየሁ።

«ሪማርከብል!» አለ ዘውገ፣ እኔ አፌን እንኳ ሳልከፍት።

ጋሼ ይመር ገለጡ፣ ቆጠሩ። «አሥር ፊደል። ኬም ኤልም አለበት።»

ጭብጨባው ቀለጠ። ዘውገ ወደኔ ዞሮ «ለደሴ ሰዎች ሰላምታ አድርሽልኝ» አለኝ። ደሜ ፈላ! ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ኬውና ኤሉ መሀል በጣም ሰፊ ነበር፤ እዚያ መሀል ላይ ደግሞ የሐምዱ መዳፍ ተለጥፏል። ሐምዱ ወደ መኪናው ሊደርስ ነው። ከጫነው ደግሞ በየት አገኘዋለሁ?

«በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮህኩ።

ሐምዱ ቀጥ አለ። እግሩን እንዳነሳ ቀጥ!

«ንጉሥ ይሙት፣ ንቅንቅ እንዳትል!»

«ኧረ ልጄ፣» አለ ከጆንያው ሥር፣ «መቶ ኪሎ ጭኜ ነው እኮ የምታስቆሚኝ! ምን ሰረቅሁ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሼ አስናቀው ግን አልሳቁም። ሕግ ሲጠራ ቀልድ አያውቁም። «አንቺ ልጅ፣ የንጉሥ ስም ጠርተሻል። በከንቱ ከሆነ ጨዋታው ብቻ አይደለም የሚቀርብሽ፣ ደጄንም አትረግጪ።»

«ከእጁ ሥር ሌላ ፊደል አለ፣ ጋሼ» አልኩ።

«እጅህን አንሳ፣ ሐምዱ።»

«ካነሳሁማ ጌታዬ ጆንያው እርስዎ ላይ ነው የሚወርደው!»

ጋሼ አስናቀው ኩታቸውን ለዘውገ ወረወሩና ራሳቸው ከጆንያው ሥር ገብተው በትከሻቸው ደገፉ። ሐምዱ መዳፉን አነሳ። ደብልዩ! ጥቁር፣ ወፍራም፣ ቁጭ ብሎ!

«ሪማርከብል ውስጥ ደብልዩ አለ ወይ?» አሉ ጋሼ አስናቀው እያቃሰቱ።

«የለም» አሉ ጋሼ ይመር።

«እንግዲያው ወደቀ! ሌላ ቃል ጥሩ! ቶሎ በሉ፣ ወገቤ!»

«ኖውሌጅ!» አለ ዘውገ። ዘጠኝ ፊደል። ጥሩ ቃል ነው፣ አልዋሽም። ከዚያ ጣቶቼ ቀሚሴ ላይ ራሳቸው መምታት ጀመሩ፤ ታይፕ ቤት ስንቱን ቀን ያስመቱን የነጋዴ ደብዳቤ ርዕስ፣ ዕቃው ደርሶናል የሚለው።

«አክኖውሌጅመንት!»

ጋሼ ይመር ገጹን አገኙት። በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። አሥር ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ፤ «ጣት አለቀብኝ።»

«የኔን ውሰዱ፣ ብቻ ጨርሱልኝ!» አለ ሐምዱ።

«አሥራ አምስት! ኬም፣ ደብልዩም፣ ኤልም አለበት!»

እህል በረንዳ በፉጨት ተናጋ። ጋሼ አስናቀው ከጆንያው ሥር ወጥተው አቧራቸውን ሳያራግፉ «ነገ ጠዋት ግቢ» አሉኝ።

«ለምን ነገ?» አልኩና ገብቼ ታይፑ ፊት ቁጭ አልኩ። ዘውገ ኩታውን እንደታቀፈ በር ላይ ቆሞ አየኝ፤ ከዚያ «እውነትም ሪማርከብል» አለና ራሱ ወንበሩን አስጠጋልኝ። ጉረኛ ቢሆንም ክፉ አይደለም።

ማታ አንዋር መስጊድ ጋ ያለው ሰፈራችን ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። እማዬ በር ላይ ቆማለች። «ሠላሳ ፊደል ያለው ቃል ተናገርሽ አሉ!»

«አሥራ አምስት ነው፣ እማዬ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ዕቃው ደርሶኛል ብሎ ማረጋገጥ።»

«ለዚህ ነው ያ ሁሉ ፊደል? ደርሶኛል ቢል ምን አለበት ፈረንጁ?» አለችና እልልታዋን አቀለጠችው፤ የቅመም ሻጮቹ ሁሉ ከየሱቃቸው ተቀበሏት። እሷ ግን እልልታውን ያዝ አድርጋ፣ ለሚመጣው ሁሉ «ሠላሳ ነው፣ ሠላሳ!» ትላለች። አላረምኳትም።