በቂ ማብራሪያ

የመከላከያ ቋሚ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ጠዋት ከቤት ሲወጣ እህቱን ደጃፉ ላይ ቆማ አገኛት።

«ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ የልጄን ነገር ያነሱታል አይደል?»

ከማሠልጠኛው ደብዛቸው ከጠፋ አሥራ አንድ ምልምል ወታደሮች አንዱ ልጇ ነው።

«መምህሯ ይጠይቃሉ። የቀረውን እግዜር ያውቃል» ብሏት ሄደ።

መምህሯ የሚባሉት ሃያ ዓመት ሒሳብ አስተምረው ምክር ቤት የገቡ ሴት ናቸው። ስብሰባው ላይ ተነሥተው አሥራ አንዱንም በየስማቸው ጠሩና «የት ናቸው?» አሉ።

መልስ እንዲሰጡ የተጠሩት ጄኔራል ውሃ ተጎነጩ። ስለ ድንበሩ ተናገሩ፣ ስለ ባንዲራው ተናገሩ፣ የተራራው ብርድ እንኳ አልቀራቸውም።

«ክቡር ጄኔራል፣ ተራራውን አልጠየቅኩም።»

«እመቤቴ፣ ወታደር ቤት እንደ እርስዎ ክፍል አይደለም። የፎረፈ ሁሉ ወላጅ አምጣ አይባልም!»

አዳራሹ ሳቀ። ጸሐፊው ግን ከሳቁ ሥር «አለ» ወይም «የለም» የምትል ቃል ጠብ ትል እንደሆነ ጆሮውን አቁሞ ቀረ። እጁ በበኩሉ የዘጠኝ ዓመት ልማዱን ይሠራል። ባለሥልጣን ተናግሮ ሲቀመጥ የምትጻፍ አንዲት መስመር አለች፤ መልስ ኖረም አልኖረም እሷው ናት። ቃለ ጉባኤው እንደ ወትሮው እዚያው ለአባላቱ ፊርማ ዞረ። መምህሯም ንዴት ዐይናቸውን ጋርዶት ሳያነቡ ፈረሙ።

ተመልሶ እጁ ሲገባ አነበበው፦ «በቂ ማብራሪያ ተሰጥቷል።»

የኮሚቴውን ሊቀመንበር ኮሪደር ላይ ሮጦ ደረሰባቸው።

«ጌታዬ፣ ተሳስቻለሁ። መልስ አልተሰጠም።»

«ተፈርሟል እኮ ወንድሜ።»

«የእህቴ ልጅ አለበት።»

ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቆሙ። «ምነው ሳትጽፈው በነገርከኝ! ደንቡ አይጠፋህም፤ የተመለሰ ጥያቄ እስከ ምርጫ ድረስ ዳግም አይነሣም።» ትከሻውን ነካ አድርገውት አለፉ።

ማታ ቤቱ ሲደርስ እህቱ ጠዋት ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም።

«ስሙን ጠሩት?»

«ጠሩት።»

«ከነአባቱ?»

«ከነአባቱ።»

«ታዲያስ፣ ምን አሉ?»

ጧት ማታ አንደበቱን እንዲጠብቅለት አምላኩን የሚለምን ሰው ነው። ስለ እጁ ግን ለምኖ አያውቅም።

«መልስ አልሰጡም» አላት። «እኔ ግን ሰጥተዋል ብዬ ጻፍኩ።»

እጁን አየችው። ወደ ቤቱ እንዲገባም ከደጃፉ ዞር አለችለት።